ፓስወርድ ቢቀየርም ተመልሶ የሚገባ ጠላፊ፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክቱ

«ፓስወርዴን ቀየርኩ፤ በማግስቱ ተመልሶ ገባ።» ይህን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ያልጻፉት መልእክት በስማቸው ለሰው ይደርሳል፤ ያላነበቡት ኢሜይል ተከፍቶ ይገኛል። ሁሉም ጠላፊው አዲሱን ፓስወርድ ገምቶ ያገኘው ይመስላቸዋል። አልገመተም፤ ድሮውንም አልወጣም።

ምክንያቱ

አንድ ጊዜ ፓስወርድ አስገብታችሁ ስትገቡ ለዚያ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የመግቢያ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ሴሽን ይባላል። በየቀኑ ፓስወርድ የማትጠየቁት ለዚህ ነው፤ ጠላፊውም የማይጠየቀው ለዚሁ ነው። ፓስወርድ ሲቀየር ሴሽኑን ሁሉ የሚያቋርጡ አካውንቶች አሉ፣ ላቋርጥ ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ፣ ዝም የሚሉም አሉ። ዝም ካለ በሩን ቆልፋችሁ ሌባውን ውስጥ አሳደራችሁት።

ሁለተኛው ቀዳዳ ኢሜይል ውስጥ ነው፤ ማንም አያየውም። አንዲት መምህርት ሦስት ጊዜ ፓስወርድ ቀይራ ሦስቴም ተጠልፋለች። «የማረጋገጫ ኢሜይል አይደርሰኝም፣ ኔትወርክ ይሆናል» ትለኝ ነበር። ሴቲንግ ገብቼ ፊልተሩን ስከፍት፣ «ፓስወርድ» የሚል ቃል ያለበትን ኢሜይል ሁሉ ወደ ሌላ አድራሻ እያስተላለፈ ከእሷ የሚያጠፋ ትእዛዝ ተቀምጧል። ጠላፊው አንድ ጊዜ ገብቶ ያንን አዘጋጅቶ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ የፓስወርድ መቀየሪያው ሊንክ ራሱ እየሄደለት ነው።

ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ነው። አንድ ሰው በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ፓስወርድ ቀየረ፤ አራቱንም ክራክ የተደረገ (የክፍያ ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚዞር) ፕሮግራም በጫነበት ላፕቶፕ። ያ ክራክ የሚተየበውን ሁሉ እየቀዳ ይልካል። አንቲቫይረሱን ማን አጠፋው ብዬ ስጠይቀው «ክራኩ አጥፋው ስላለኝ» አለኝ። ምን ይባላል?

መፍትሄው

በተጠረጠረው ኮምፒውተር ምንም አትቀይሩ። ንጹሕ መሆኑን ከምታውቁት ስልክ ጀምሩ። ቅድሚያ ለኢሜይል ነው፤ የሌላው ሁሉ መቀየሪያ ወደዚያ ይላካልና። ፓስወርዱን ቀይሩ፤ የድሮው መጨረሻ ላይ 1 መጨመር መቀየር አይደለም! ወዲያው «ከሁሉም ዲቫይስ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ ሦስት ቦታ ፈትሹ፦ የመልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይል የእናንተ ነው? ፊልተርና ፎርዋርዲንግ (ኢሜይል ወደ ሌላ አድራሻ ማስተላለፊያ) ውስጥ የማታውቁት ነገር አለ? አካውንቱን እንዲጠቀም ፈቃድ የተሰጠው እንግዳ አፕ አለ? ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ በላይ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩ፤ ቀድሞ ከበራም ጠላፊው የራሱን ስልክ አለመመዝገቡን እዩና መጠባበቂያ ኮዶቹን አድሱ።

ቴሌግራም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰው ሲደነግጥ አፑን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። አታድርጉት! አዲስ የገባ ዲቫይስ ሌሎቹን ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው። በእጃችሁ ያለው የድሮ ሴሽን ግን አሁኑኑ ማስወጣት ይችላል። ሴቲንግ፣ ዲቫይስ፣ ሌሎቹን ሁሉ አቋርጥ። ቀጥሎ የሁለት ደረጃ ፓስወርድ አስገቡበት፤ የመልሶ ማግኛ ኢሜይልም ጨምሩ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ስልካችሁ በድንገት ኔትወርክ ካጣና አጠገባችሁ ያለው ሰው ስልክ ግን ካለው፣ በቁጥራችሁ ሌላ ሰው ሲም አውጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ኦፕሬተሩን በሌላ ስልክ ጥሩ። ያልጠየቃችሁት ኮድ ከመጣ ለማንም አትስጡ፤ «ላኪልኝ» ያለችው እህታችሁ ብትሆንም፣ የእሷ አካውንት ቀድሞ ተጠልፎ ይሆናልና ደውሉላት። የብራውዘር ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) የማታውቁት ካለ አጥፉት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እንግዳው ዲቫይስ ዳግም ከታየ ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ፋይላችሁን አውጥታችሁ ዊንዶውሱን ከአዲስ ጫኑ። ያ ባለ አራት ፓስወርዱ ሰውዬ ይህን ካደረግንለት በኋላ መጀመሪያ የጫነው ምን መሰላችሁ? ያንኑ ክራክ።