ውሻና ድመት ትንፋሽ ሲያጥራቸው

ሮጦ የመጣ ውሻ ቢያለከልክ አያስደነግጥም። ተኝቶ በደቂቃ ከ40 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ ወይም ድዱ ከገረጣ፣ ከጠቆረ ግን ጊዜ የለም። ድመት አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ደግሞ ለነገ አትበሉ።

እኔን አዘውትሮ የሚገጥመኝ አጥንት ነው። ደሴ ላይ የበዓል ማግስት ስልኬ አያርፍም። ውሻው ልሃጩን ያዝረከርካል፣ አፉን በመዳፉ ይፍቃል፣ ኧህ ኧህ ይላል። አንዴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ስደርስ ባለቤቲቱ "ያንሸራትትለት ብዬ" ወተትና ዘይት ግታዋለች። የበግ አጥንት ነው፤ ላንቃው ላይ በግራና በቀኝ መንጋጋዎቹ መሀል ተሰንቅሯል። በፒንሳ ሳወጣው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ወተቱ ግን ሳንባው ገብቶ ነበርና በሦስተኛው ቀን ሞተ። እባካችሁ፣ ትንፋሽ ላጠረው እንስሳ ምንም አትጋቱ! ወተትም፣ ዘይትም፣ ውሃም።

አጥንቱ ከታያችሁ በፒንሳ ወደ ውጭ ሳቡ። ካልታያችሁ በጣት አትጎርጉሩ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። አየር ጭራሽ ከተዘጋበት፣ ትንሹን ውሻ የኋላ እግሮቹን አንስታችሁ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጉት። ትልቁን ከኋላው ሆናችሁ እቀፉት፤ ከጎድን አጥንቱ ሥር ሆዱን በጡጫ ወደ ላይና ወደ ፊት አራት አምስቴ ግፉ።

አጥንት ሲበላ ያላያችሁት ውሻ ልሃጩ ከተዝረከረከ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ እጃችሁን እንዳታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታም ልክ አጥንት የተሰነቀረበት ያስመስለዋል። ከነከሳችሁ ወይም ልሃጩ ቁስል ከነካ፣ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ታጥባችሁ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም።

ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ታስሮ የዋለ ውሻ ከተዝለፈለፈ ሙቀት ነው። ጥላ ሥር አስገቡት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ አናፍሱት። ከዚያ ሐኪም ጋ።

ደሴ በብርድ፣ በር ተዘግቶ ከሰል አጠገብ ያደረች ድመት ከደከመች የከሰሉ ጋዝ ነው። እሷንም ሰዉንም ወደ ውጭ።

ለድመት ፓራሲታሞል አትስጡ። አንዲት ፍሬ ትገድላታለች።

ስታመጧቸው ማዳበሪያ ውስጥ አትክተቱ። ባለፈው በባጃጅ እንዲህ የመጣች ድመት ከፍቼ ሳያት ምላሷ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ይበቃል። ደረታቸውን አትጭመቁ፤ ከቤት ስትነሱም ለሐኪሙ ደውሉ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ።