ዊልቸር ይዛችሁ ታክሲ ለምትጠብቁ
አያት፣ ጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያላችሁ፣ መሃል ፌርማታ ላይ ቆማችሁ አትድከሙ፣ ሚኒባሱ ሞልቶ ነው የሚያልፈው ቢቆምም ወያላው ይቸኩላል፣ ትንሽ ወደኋላ ተመልሳችሁ መነሻው ጋ ሂዱና ተራ አስከባሪውን ጋቢና ያዝልን በሉት፣ እኔ እናቴን ይዤ ስወጣ እንደዛ ነው የማደርገው። ዊልቸሩ ሳይታጠፍ በፊት ትራሱንና የእግር ማሳረፊያውን ነቅላችሁ እጃችሁ ላይ ያዙ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ሲጫን መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው (አንዱን ጥዬ ነው ያወቅኩት)። ከእግረኛ መንገድ ስትወርዱ አዙራችሁ በኋላ በኩል በትልልቁ ጎማ አውርዱት፣ በፊት ለፊት ከወረደ የተቀመጠው ሰው ይደፋል። ጭቃ ላይ ደግሞ የፊቶቹን ትንንሽ ጎማዎች አንሱና በኋላዎቹ ብቻ ግፉት። ራምፕ የምታሰሩ ካላችሁ ለ15 ሳንቲም ከፍታ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ይፈልጋል፣ የኛ ሰፈሩማ ራምፕ ሳይሆን ግድግዳ ነው የሚመስለው