ካንዴላ በስንት ጊዜ ይቀየራል? ከኮምቦልቻ ደሴ ለሚመላለሱ የቤንዚን መኪኖች

የቤንዚን መኪና ይዞ ወደ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ በስንት ጊዜ መቀየር እንዳለበት ነው። መልሱ በመጀመሪያ የሚወሰነው በካንዴላው ዓይነት ነው። ተራው የኒኬል ካንዴላ ከ20,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ሲያገለግል፣ ጫፉ ከፕላቲነም ወይም ከኢሪዲየም የተሠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች ሞተሩ ጤናማ ሆኖ፣ በቂ ሙቀት እያገኘ፣ ረዘም ያለ መንገድ እንደሚሄድ ታስቦ የወጡ ናቸው። በደሴ ዳገትና ብርድ፣ በአጭር በአጭር ጉዞ ለሚውል መኪና ቁጥሩን የመጨረሻ ገደብ አድርጎ መያዝ እንጂ እስከዚያ ድረስ ካንዴላውን ሳያዩ መቆየትን አልመክርም።

በናፍታ የሚሠሩትን አይሱዙዎችና ሌሎች የጭነት መኪኖች ይህ ጉዳይ አይመለከታቸውም፤ ናፍታ የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት ስለሆነ ብልጭታ አያስፈልገውም። በአንዳንድ የናፍታ ሞተር ላይ ካንዴላ የሚመስል ነገር ቢታይ እርሱ በብርድ ጊዜ ሞተሩ በቀላሉ እንዲነሣ የሚረዳ ማሞቂያ ነው።

ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ሲሆን፣ መካኒኮቻችን ቃሉን እንደ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) እና እንደ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ሁሉ ከጣልያኖች ወርሰውታል። ሥራው ከመካከለኛው ዘንግ ወደ ጎን ወደ ታጠፈው ብረት ብልጭታ ማዝለል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 25 ጊዜ ይበልጫል። በእያንዳንዱ ብልጭታ ከብረቱ ላይ በዓይን የማይታይ ቅንጣት እየተነሣ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ክፍተቱ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ክፍተቱ በሰፋ መጠንም ብልጭታውን ለማዝለል የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚጨምር ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ ይገደዳል። ያለቀ ካንዴላን ዝም ብሎ መንዳት ኮይልን የሚያቃጥለው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ የኮይል ዋጋ ከካንዴላ ዋጋ ጋር እንደማይነጻጸር የገዛው ያውቀዋል።

አሁን ወደ መንገዳችን እንምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀይራል። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚን የሚረጭ ኢንጀክተር ያላቸው አዳዲስ መኪኖች ይህን በሴንሰር እየለኩ የቤንዚኑን መጠን ስለሚቀንሱ ብዙም አይቸገሩም። ቤንዚንና አየርን ያለ ሴንሰር የሚቀላቅል ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ ኮሮላዎች፣ ላዳዎችና ሞተር ሳይክሎች ግን አየሩ መሳሳቱን የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም፤ ለቆላ በተስተካከለ ካርቡራተር ደሴ ላይ ሲነዱ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያልተቃጠለውም ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይቀመጣል።

በዚህ ላይ ብርዱና የጉዞው ማጠር ይጨመሩበታል። ካንዴላ ራሱን በራሱ የሚያጸዳው ጫፉ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው፤ ያን ጊዜ የተጠራቀመው ጥላሸት ተቃጥሎ ይጠፋል። ጠዋት በጥቅምት ብርድ ተነሥቶ ከፒያሳ ሸዋ በር ደርሶ የሚቆም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ተነሥቶ የሚመለስ መኪና ወደዚያ ሙቀት ሳይደርስ ይውላል። በአንጻሩ በየሳምንቱ አዲስ አበባ የሚመላለስ መኪና በወሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ቢቆጥርም ካንዴላው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ባለ ተራ ካንዴላ መኪና በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ካንዴላው ወጥቶ ይታይ፤ በ20,000 ደግሞ ይቀየር።

ዳገቱ ግን ከጉዳቱ ይልቅ ጥቅሙ ይበልጣል፤ ደካማ ካንዴላን እንደ ሐረጎ የሚያጋልጥ ቦታ የለም። ሞተር ሸክም ሲበዛበትና ነዳጅ ሲረገጥ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ድብልቅ ይበዛል፤ በታመቀ ድብልቅ ውስጥ ብልጭታ ማዝለል ደግሞ ከባድ ነው። በኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ምንም ሳይሰማው ሲነዳ የቆየ መኪና ሐረጎን ሲጀምር የሚደነቃቀፈው ለዚህ ነው። አንድ ቅዳሜ አምስት ሰው ጭኜ ከኮምቦልቻ ስወጣ ይህ ደርሶብኛል። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጨምር መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ስቀንስለት ይረጋጋል፤ ደሴ ስደርስ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሽከረከርበት ዙር) እንደ ወትሮው ጸጥ ያለ ነበር። በማግሥቱ ካንዴላዎቹን ሳወጣ ሦስቱ ደህና ሲሆኑ፣ የአራተኛው ነጭ ሸክላ ላይ ከላይ እስከ ታች እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ነበረ። ሸክላው ተሰንጥቆ ኖሮ ብልጭታው በዳገቱ ላይ ክፍተቱን መዝለል ሲከብደው በስንጥቁ በኩል ወደ ቴስታታው ይሾልክ ነበር። ሜዳ ላይ ብቻ ብነዳው ኖሮ ይህን ለወራት ባላወቅሁ ነበር።

እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ በተለይም በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ፣ እስከሚቀጥለው ሰርቪስ መጠበቅ አይገባም። ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫው በኩል አልፎ ካታሊስት በሚባለው ማጣሪያ ውስጥ ስለሚቃጠል፣ ያንን ውድ ዕቃ ያቀልጠዋል።

ካንዴላውን አውጥቶ መመልከት የሞተሩን ውስጥ እንደ መመልከት ነው። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅና እንደ ምጣድ ጥላሸት የጠቆረ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይም የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም መኪናው ሳይሞቅ እየቆመ ነው። ሸክላው እጅግ ነጥቶ ጫፉ የመቅለጥ ምልክት ካሳየ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ምናልባትም የተገጠመው ካንዴላ ለሞተሩ የማይስማማ ሊሆን ይችላል። እርጥብና በዘይት የተለወሰ ከሆነ ግን አዲስ ካንዴላ መግጠሙ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ይረዳል፤ ዘይቱ በፒስተን ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ባለው ቀለበት) ወይም በቫልቭ ጎማ (በቫልቩ ላይ ዘይት በሚያግደው ጎማ) በኩል እየገባ ነው። በዚህ ላይም ሐረጎ ይመሰክራል። መኪናው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ነዳጅ ሳይረገጥ በማርሽ ሲወርድ በሞተሩ ውስጥ ብርቱ የመሳብ ኃይል ይፈጠርና ያረጀ የቫልቭ ጎማ ካለ ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል። ቁልቁለቱ አልቆ ነዳጅ ሲረገጥ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡን ብሎ ከወጣ ነገሩ ይኸው ነው። ይህ ስለሆነ ግን በማርሽ መውረድን መተው ፈጽሞ አይገባም፤ ፍሬንን የሚያድነው እርሱ ነው፤ የሚጠገነው የቫልቭ ጎማው ነው።

ባጃጅና ሞተር ሳይክል ለብቻቸው ይታዩ። ሞተራቸው ትንሽ ሆኖ በከፍተኛ ዙር ስለሚሠሩ ካንዴላቸው ቶሎ ያልቃል፤ የጃፓን አምራቾች ለሞተር ሳይክል ተራ ካንዴላ ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራሉ። ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ የደሴን ዳገት ለሚወጣ ባጃጅም ይህን ልክ መጠቀም ይሻላል እላለሁ። ለልጃቸው ባጃጅ የገዙ አንድ አባት በአንድ ወቅት «ልጄ፣ ይህ ነገር ቤንዚን ይጠጣል እንጂ ዳገት አይወጣም» ብለው ወደ እኔ መጥተው ነበር። ካንዴላው ባጃጁ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አልተፈታም፤ የጎኑ ብረት ጠርዙ ተበልቶ ክብ ሆኗል፣ ክፍተቱም ከሚገባው በእጥፍ ሰፍቷል። «አብሽሩ አባባ፣ ሞተሩ ደህና ነው» አልኳቸውና አንድ ካንዴላ ቀየርኩ። በአንዳንድ ባጃጆች ግን ለአንዱ ሲሊንደር ከአንድ በላይ ካንዴላ ስለሚገጠም፣ አንዱን ቀይሮ ሌላውን እንዳይረሱ መቁጠር ያስፈልጋል።

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አምኖ ማስላት የለበትም። ካንዴላው መቼ እንደተቀየረ የሚነግር ማስረጃ ከሌለ በገዙበት ሳምንት አውጥቶ አይቶ፣ ከተጠራጠሩም ሁሉንም ባንድ ጊዜ ቀይሮ፣ የዕለቱን ኪሎ ሜትር ጽፎ መያዝ ከሁሉ ይሻላል። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በእጃችን ያለውን መኪና የማቆየቱ ነገር ይበልጥ ያሳስባል።

በግዢ ጊዜ አሮጌውን ካንዴላ ይዞ መሄድ፣ ቁጥሩንም ከመኪናው መመሪያ ጋር ማመሳከር ይገባል። በቁጥሩ ውስጥ የሙቀት ደረጃው ተጽፏል፤ በካንዴላ አምራቹ በኤንጂኬ አጻጻፍ 5፣ 6፣ 7 የሚባሉት በዴንሶ 16፣ 20፣ 22 ከሚባሉት ጋር ይቀራረባሉ። በሁለቱም ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ሙቀትን ቶሎ የሚያስወግድ፣ ማለትም «ቀዝቃዛ» ይሆናል፤ በቦሽ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የጥርሱ (የሚጠመዘዘው ክፍል) ርዝመትም ልክ መሆን አለበት፤ የረዘመ ካንዴላ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። አስመስለው የተሠሩ ካንዴላዎች በገበያ ላይ ስላሉ ማሸጊያው ብቻ አያሳምን። የእውነተኛ ኢሪዲየም ጫፍ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ከ0.4 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ነው፤ የጎኑ ብረትም በትክክል በጫፉ አናት ላይ ይውላል። ጫፉ ወፍራም ሆኖ ካርቶኑ ላይ ኢሪዲየም የሚል ከሆነ ይመልሱት። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የተወለወለ አሮጌ ካንዴላም እንደ አዲስ አይቆጠር፤ በተለይ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ጫፍ ከተፋቀ ዋጋ የተከፈለበት ስስ ብረት ይነሣል።

መቀየሩ በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ በሙቀቱ ሳለ ካንዴላ ከተፈታ ጥርሱ ይነሣል። ኮይሉን ወይም ገመዱን ከአናቱ ይዘው እንጂ ሽቦውን ጎትተው አይንቀሉ፤ የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነም ምልክት ያድርጉ። ካንዴላውን ከመፍታት በፊት በዙሪያው ያለውን አቧራ በአየር ይንፉ፤ አለዚያ አቧራው ወደ ሲሊንደር ይወድቃል። የካንዴላ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 21 ቁጥር ነው። ተራ ካንዴላ ከሆነ ክፍተቱን በመለኪያ ያረጋግጡ፤ የኢሪዲየሙን ግን ከፋብሪካው ስለተስተካከለ አይንኩት።

አዲሱን በመጀመሪያ ያለ እጀታ፣ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ያስገቡ። በጣት መዞር እምቢ ካለ ጥርሱ ተዛንፏልና መልሰው አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም፤ የራሴን መኪና በችኮላ የሠራ አንድ ባለሙያ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ በረጅም እጀታ ጠምዝዞት የቴስታታው ጥርስ ተበልቶ፣ ቴስታታው ወርዶ በቶርኖ አዲስ ጥርስ እስኪገባለት ድረስ መኪናው ሁለት ሳምንት ቆሟል። በጣት ሲቆም አዲስ ማኅተም ቀለበት ያለውን ባለ 14 ሚሊ ሜትር ካንዴላ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ ከዚህ ቀደም ታስሮ የነበረውን ደግሞ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ያህል ብቻ ማጥበቅ ይበቃል። በመለኪያ ቁልፍ የሚሠራ ሰው በመኪናው መመሪያ የተጻፈውን ልክ ይከተል። ጥርሱ ላይ ቅባት መቀባትም አያስፈልግም፤ ቅባት ካለ ካንዴላው ገና ያልጠበቀ እየመሰለ ከልክ በላይ ይጠብቃል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው ሚኒሞውን ያዳምጡ፤ ከዚያም ሲሞቅ ዳገት ላይ ይፈትኑት። አሁንም ዳገት ላይ አንዱ ሲሊንደር ከሳተ፣ የተጠረጠረውን ሲሊንደር ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ። ጉድለቱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ የሚቀየረው ኮይሉ ነው፤ በነበረበት ሲሊንደር ከቀረ ግን ኢንጀክተሩና ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ድብልቁን የሚያምቅበት ኃይል) ይመርመሩ።