ሲቪያችሁን ማን ጻፈው? ተመራቂዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሒሳብ ሠራተኛነት ያመለከተ አንድ ልጅ ለፈተና ልጠራ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሌላ ሰው ነው። «ኧረ እሱ የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ እኔ ሥራ ከያዝኩ ዓመት አለፈኝ» አለኝና ሳቀ። ሲቪው የዚህ ስልኩን ያነሳው ሰው ኖሯል። ጓደኛው ስሙንና ፎቶውን ቀየረ፣ ስልኩን ረሳ። ደግነቱ ቁጥሩን ሰጠኝና ልጁ ተገኘ። ኢሜይል ብቻ ልኬ ቢሆን ኖሮ ቀርቶበት ነበር።

በሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ስሠራ ቆይቻለሁ። ለዜሮ ዓመት፣ ማለትም ልምድ ለማይጠየቅበት ቦታ የሚገባውን ማመልከቻ ሳገላብጥ ቶሎ ከእጄ የሚወጣው ውጤቱ ዝቅ ያለው አይደለም፤ ከሰው የተዋሰው ነው።

በውርስ የመጣ ሲቪ

በየግቢው ከሲኒየር ወደ ጁኒየር የሚተላለፍ አንድ ፋይል አለ። ከላይ ፎቶ፣ ቀጥሎ ጾታ፣ ዜግነት፣ የጋብቻ ሁኔታ። ወረድ ሲል የቋንቋ ሰንጠረዥ፦ አማርኛ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ»፤ እንግሊዝኛም እንደዚያው። ከታች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ፦ ማንበብና ፊልም ማየት። ስለ ሥራው የሚናገር መስመር ስፈልግ የማገኘው «ታታሪ፣ ተግባቢ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» የሚለውን ነው። ይህን በአንዱ ላይ ካነበብኩ በሌላውም ላይ አንብቤዋለሁ።

«ልምድ ከሌለኝ ምን ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ቅጽል መደርደር አይደለም፤ በእጃችሁ የሠራችሁትን መጻፍ ነው። የአካውንቲንግ ተማሪ «በ3ኛ ዓመት የአንድ የሸማቾች ማኅበር የስድስት ወር ደረሰኝ ኤክሴል ላይ አስገብቼ ከባንክ መግለጫው ጋር አስታረቅኩ» ቢል፣ ይቺ አንዲት መስመር ከገጹ ሁሉ ትበልጥብኛለች። የቤተሰብ ሱቅ ሒሳብ መያዝም ሥራ ነው። የግቢ ክበብ ገንዘብ ያዥ መሆንም ሥራ ነው፤ ምን ያህል ብር በእጃችሁ እንዳለፈና እንዴት እንዳወራረዳችሁት ጻፉ።

ችሎታን ማጋነንም የዚሁ ወንድም ነው። «ኤክሴል፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ያለውን ሰው የተግባር ፈተና ላይ ሁለት ሰንጠረዥ ሰጥቼ አገናኛቸው ስለው ላብ ያጠምቀዋል። አንዲት ልጅ ግን «ኤክሴል፦ መደመር፣ ማጣራት፣ ቪሉካፕ» ብላ ብቻ ጻፈች፤ ቪሉካፕ ያንኑ ሁለት ሰንጠረዥ ማገናኛው ነው። ሦስቱንም ሠርታ አሳየችን። ዛሬ ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ ናት።

ያላነበቡት ማመልከቻ

በዚህ እኔም ተቀጥቻለሁ። በተመረቅኩበት ዓመት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ገብቼ ማመልከቻ አስጻፍኩ። ጸሐፊዋ ከቀደመ ደንበኛ ማመልከቻ ላይ ስሙን አጥፍታ የእኔን ተካችና አተመችልኝ። ቸኩዬ ስለነበር ሳላነብ ፈርሜ ለአንድ ባንክ አስገባሁ። የቀረኝን ኮፒ ማታ ቤቴ ሳየው «በመሥሪያ ቤታችሁ በነርስነት ሙያ ለማገልገል» ይላል። የተመረቅኩት በማኔጅመንት ነው። አልተጠራሁም፤ የሚፈረድባቸውም አይመስለኝም።

ልምምዱን በማኅተም መጨረስ

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ለልምምድ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይወጣል፤ የሌላው ትምህርት ክፍል አጠር ይላል። ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን ሥራ በነጻ የሚያሳያችሁ ብቸኛው ጊዜ ይህ ነው። ብዙው ተማሪ ግን ዘመድ ያለበት ቢሮ ይሄዳል፣ ፊርማና ማኅተም ያስመታል፣ ሪፖርቱን ካለፈው ዓመት ተማሪ ይቀዳል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። ተለማማጅ ሲመጣ ወንበር ሰጥተን፣ ኮፒ እያስነሳን የምንረሳ አለቆችም አለን።

ቃለ መጠይቅ ላይ የምጠይቀው ቀላል ነው፦ «እዚያ ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምትሠራው ምን ነበር?» የተለማመደ ሰው ወዲያው ይናገራል። ስቶር ውስጥ የገባ ዕቃ ከሰነዱ ጋር አልገጥም ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲቆጥሩ እንደዋሉ ይነግረኛል፤ ስህተቱን ማን እንዳገኘው ሳይቀር። ማኅተም ብቻ ያስመታው «የተለያዩ ሥራዎችን» ይላል። ስለዚህ ትንሽ ደብተር ይዛችሁ የየቀኑን ሁለት መስመር ጻፉ። ስትጨርሱ ከቅርብ አለቃችሁ ደብዳቤ ስትጠይቁ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተለማምዷል» የሚለው አይበቃም፤ የሠራችሁት ሥራ ይዘርዘር። በዚያው ሪፈረንስ እንዲሆኗችሁ አስፈቅዱ። ስማቸው ሲቪ ላይ የተጻፈ መምህር ጋ ደውዬ «ማን ነው እሱ?» የተባልኩበት ቀን አለ።

ወረቀቱን ለኋላ ማቆየት

ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተናው ላይ 50 ያላመጣ ዲግሪ ስለማይሰጠው፣ የመጨረሻው ሴሚስተር በጥናት ያልቃል። ይገባኛል። ግን ክሊራንስ ሳይጨርሱ አገር ቤት ሄዶ፣ ማስታወቂያ ሲወጣ ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ለማምጣት አውቶቡስ መሳፈር የማመልከቻውን ቀን ይበላል። «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ» የሚል ማስታወቂያ አይጠብቃችሁም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ደግሞ ዋናው ዲግሪ ከወጪ መጋራት ዕዳ ጋር የተያያዘ መሆኑን አትርሱ።

የስም አጻጻፍም አለ። ጽጌ በእንግሊዝኛ 12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ በቲና በኤስ ተጽፋ፣ ዲግሪው ላይ በቲ ብቻ፣ ፋይዳ ላይ ሌላ ከሆነች፣ ሦስት ሰው ናት ማለት ነው። ግቢ ሳላችሁ ሬጅስትራር ሄዳችሁ አስተካክሉ፤ ከወጣችሁ በኋላ መመላለሱ ብዙ ነው።

ቴሌግራም ላይ ብቻ መተኛት

የሥራ ቻናሎቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን ብዙው ከሌላ የተገለበጠ ነው፣ አንዳንዱም ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ። ምንጩ ጋ ሂዱ። የረቡዕና የእሑድ ሪፖርተር ጋዜጣ አሁንም የማስታወቂያ ገጹ ወፍራም ነው። ኢትዮጆብስና ሀሁ ጆብስ የሚባሉ የሥራ ድረ ገጾች አሉ፤ «ደረጃ» የሚባለው ደግሞ በተለይ ለአዲስ ተመራቂ የተሠራ ነው። ግቢያችሁ የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከል ካለው ገብታችሁ የልምምድ ቃለ መጠይቅ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ብዙ ተማሪ ቢሮው የት እንደሆነ ሳያውቅ ይመረቃል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም፦ «ለፎርም»፣ «ለሥልጠና»፣ «ለዩኒፎርም» ብሎ በቴሌብር ላኩ የሚል ሰው ቀጣሪ አይደለም። ዝጉት።

ያልተጣራውን እንደ ተጣራ መስማት

«የምትጠብቂው ደመወዝ ስንት ነው?» ስላት «በድርጅቱ እስኬል» የምትል ልጅ አታስቀይመኝም። የምታሳዝነኝ 10,000 ብር ተብላ 10,000 ብር ኪሷ የሚገባ መስሏት የቤት ኪራይ የምትዋዋለዋ ናት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ተነስቶ እስከ 35 በመቶ ይወጣል። በዚህ ስሌት ከ10,000 ብር ላይ የሥራ ግብሩ 1,650 ነው፤ የጡረታው 7 በመቶ ደግሞ 700። እጅ የሚገባው 7,650 ብር ይሆናል። ስለዚህ ቁጥር ሲነገራችሁ «የተጣራ ነው ያልተጣራ?» በሉ፤ ማንም አይከፋውም። ትራንስፖርትና የቤት አበል ተለይቶ ይከፈል እንደሆነም ጠይቁ።

ስትፈርሙ ደግሞ የሙከራ ጊዜውን እዩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 የሚፈቅደው ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። የሥራ ቀን ስለሚል ቅዳሜን በማይሠራ ቢሮ ሁለት ወር ሳይሆን አሥራ ሁለት ሳምንት ይሆናል። «ቋሚ የምሆነው መቼ ነው?» ብላችሁ ቀኑን ደብዳቤው ላይ አስጽፉት።