ከአንገት ንፍፊት በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ፦ ስላይዱ ክረምት ላይ እንዳይበላሽ

የአንገት ንፍፊት ቲቢ ይሁን ካንሰር፣ ብዙ ጊዜ በቀጭን መርፌ በወጣች አንዲት ጠብታ ይለያል። ጠብታዋን የሚያበላሻት ግን አወሳሰዱ ብቻ አይደለም፤ ስላይዱ (ናሙናው በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ስስ መስታወት) ላይ የሚሆነውም ነው። ጅማ ላይ ክረምት ገብቶ አየሩ ሲርስ ደግሞ ይብሳል።

ከመውጋትዎ በፊት ስላይዶቹን ያዘጋጁ። ስምና ቁጥር በእርሳስ ይጻፋል፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል። 95 በመቶ አልኮል የያዘው ዕቃ ክዳኑ ተነስቶ አጠገብዎ ይቀመጥ። ታካሚው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስድ እንደሆነም ይጠይቁ።

ቆዳውን በ70 በመቶ አልኮል አጽድተው ንፍፊቱን በሁለት ጣት አጥብቀው ይያዙ። 23 ወይም 25 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል) መርፌና ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። መርፌው ንፍፊቱ ውስጥ ሲገባ የሲሪንጁን መግፊያ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ወደኋላ ይሳቡና አቅጣጫ እየቀየሩ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱ። መርፌው ከሲሪንጁ በሚገናኝበት ሥር ናሙና ወይም ደም ብቅ እንዳለ ያቁሙ። ሳይነቅሉ በፊት መሳቡን ይልቀቁ፤ ካልለቀቁ ናሙናው ሲሪንጁ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል።

መርፌውን ከሲሪንጁ ፈትተው ሲሪንጁን አየር ይሙሉ፤ መልሰው ገጥመው አንዲት ጠብታ ስላይዱ ላይ ያውጡ። በሌላ ስላይድ ሳይጫኑ በስሱ ይዘርጉት። ከተጫኑት የሊምፍ ሴሎች ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ተጨፍልቆ ሐምራዊ ክር ብቻ ይታያል።

ፓፕ ለሚባለው የሴል ማቅለሚያ የታሰበው ስላይድ እርጥብ እንዳለ አልኮሉ ውስጥ ይግባ፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቆይ። ራይት ለሚባለው ሌላ ማቅለሚያ የታሰበው ግን በፍጥነት መድረቅ አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ጠረጴዛ ላይ ትተውት ቢሄዱ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ሴሎቹ ይኮማተራሉ፣ የኒውክለሱ ዝርዝርም ይጠፋል። በቬንትሌተር ወይም በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር ያድርቁት፤ እሳት ፈጽሞ አይጠጋው። የፎርማሊን ዕቃም ከክፍሉ ይውጣ፤ ትነቱ ቀለሙን ያበላሻል።

የራይት ማቅለሚያ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ፒኤች 6.8 የሆነ እኩል መጠን ባፈር (ፒኤቹን የሚያረጋ ፈሳሽ) ተጨምሮበት 5 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ደቂቃው ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ አዲስ ሲከፍቱ መጀመሪያ በደም ስላይድ ይሞክሩት። ሲያጥቡ ማቅለሚያውን ደፍተው ሳይሆን እላዩ ላይ ውኃ እያፈሰሱ ይጠቡት፤ አለዚያ ዝቃጩ ስላይዱ ላይ ተጣብቆ ባክቴሪያ ይመስላል።

የወጣው አይብ የመሰለ መግል ከሆነ ቲቢን ይጠርጥሩ፦ አንድ ስላይድ ለዚል ኒልሰን (የቲቢን ባክቴሪያ የሚያሳይ ማቅለሚያ)፣ የቀረው መግል ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል የሚፈልግ የማሽን ምርመራ)። ዚል ኒልሰን የቲቢውን ባክቴሪያ አላሳየም ማለት ቲቢ የለም ማለት አይደለም። አንድ ዓይነት ሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ብቻ ከሞላው ደግሞ ሊምፎማን (የሊምፍ ካንሰር) ለመለየት ባዮፕሲ (ቁራጭ ሥጋ ወስዶ መመርመር) ያስፈልጋል።

ታካሚው ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ድረስ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይሄድ አንዱን ስላይድ ቀልመው በቂ ሴል መኖሩን ይዩ። ደም ብቻ ከሆነ «ካንሰር የለም» ተብሎ አይጻፍ፤ በ25 ጌጅ መርፌ፣ ሳይስቡ፣ ከሌላ ጎን ይድገሙት።