ዲፊውዘር በቤት ስትሠሩ ማዕዘኑን አታብዙት

የመኪናችሁን የኋላ ዲፊውዘር (ከመኪናው ሥር ያለፈው አየር ከኋላ በኩል በደንብ እንዲወጣ የሚረዳውን፣ ወደ ላይ ያዘነበለ ላሜራ) ራሳችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ ከመልኩ በፊት ማዕዘኑን አስቡ። ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚነሳ ይበቃል፤ በጣም ሽቅብ ካቆማችሁት አየሩ ከላሜራው ይላቀቅና ይረበሻል፣ ያኔ ጥቅሙ ቀርቶ መኪናውን ወደ ኋላ የሚጎትት ነገር ይሆናል። ደግሞ ከፊቱ ያለው የመኪናው የታች ክፍል ወጣ ገባ ከሆነ ዲፊውዘሩ ብቻውን ብዙ አይሠራም፣ መጀመሪያ እሱን ገጹ ልሙጥ በሆነ ነገር ሸፍኑት። ማርሚታው አጠገብ ፕላስቲክ በፍጹም! አሉሚኒየም ይሁን፣ ክፍተትም ተዉለት። ባምፐሩ ላይ ብቻ አትግጠሙት፣ ከሻንሲው ጋር በብሎን አጥብቁት፤ በፍጥነት ላይ ተገንጥሎ ቢወድቅ ከኋላ ለሚመጣው ሰው አደጋ ነው። መሥራቱን ለማየት አጫጭር ክሮች ለጥፉበትና ከታች በታሰረ ካሜራ እየነዳችሁ ቅረጹ፤ ክሮቹ ከላሜራው ጋር ቀጥ ብለው ከተኙ ጥሩ ነው፣ ከተርገበገቡ ማዕዘኑን ቀንሱ።