በሰው አገር ስትነዱ ስልኩን ብቻ አትመኑ

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ ከካናዳ መጣ። ከድሬዳዋ የወጣው በልጅነቱ ነው። በመጣ በሁለተኛው ቀን የመኪናዬን ቁልፍ ተቀበለኝና ከከዚራ ወደ መጋላ ሊሻገር ብቻውን ወጣ። ስልኩን መሪው አጠገብ ሰክቶታል። ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ስልኩ ከተማውን ለሁለት በሚከፍለው ደረቅ ወንዝ፣ በደጫቱ አሸዋ ላይ የሚያልፍ አቋራጭ አሳየውና ገባበት። ገና መሃል ሳይደርስ አንድ የባጃጅ ልጅ ከዳር ሆኖ "አቦ! ውጣ! ደንገጎ ጠቁሯል!" ብሎ ጮኸበት። ነገሩ ባይገባውም የልጁን ፊት አይቶ ወደኋላ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቡናማ ውሃ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ወረደ።

ድሬ ለኖረ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው ነው የሚመጣብን። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ካርታው ላይ ግን ደጫቱ አንድ መስመር ነው፣ ክረምትም በጋም ያው። የአጎቴ ልጅ ደፋር ስለሆነ አይደለም የገባው። እዚያ በሚኖርበት ከተማ ስልኩ ዋሽቶት አያውቅም፣ እዚህም እንደዚያው አመነው። ለእሱ ድሬ የሰው አገር ሆናለች። እኔም ወደ ጅቡቲ ስነዳ ከእሱ አልለይም። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችንና በራሴ ላይ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ካርታውን ቤት ሳያወርዱ መውጣት

ብዙ ሰው የማይለየው ነገር አለ። ያቺ ሰማያዊ ነጥብ ኢንተርኔት አትፈልግም። ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ነው፣ ለዚያ ብር አይቆረጥባችሁም። ኢንተርኔት የሚፈልገው ከነጥቧ ስር ያለው የመንገዱ ሥዕል ነው። የድንበሯን ከተማ ደወሌን አልፋችሁ የአገር ቤት ሲማችሁ ሲቋረጥ ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ፦ ግራጫ ባዶ ስክሪን፣ መሃሉ ላይ ሰማያዊ ነጥብ። ነጥቧ ትንቀሳቀሳለች። መንገድ የለም፣ ስም የለም። የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩ ዕለት እንደዚያ ሆኜ ነው ጅቡቲ ውስጥ እስካለችው አሊ ሳቢህ ድረስ ከአንድ ተሳቢ ኋላ የተከተልኩት።

ስለዚህ ድሬ እያላችሁ፣ ዋይፋይ ባለበት፣ ከድሬ እስከ ጅቡቲ ያለውን ሙሉ አካባቢ ኦፍላይን አውርዱ። የምታርፉበትን ቤት፣ ነዳጅ የምትቀዱበትን፣ የኬላውን ቦታ ቀድማችሁ ፈልጋችሁ ሴቭ አድርጉ። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ የወረደ ካርታ የወረደበትን ቀን ነው የሚያሳየው። ዛሬ ጠዋት የተዘጋ መንገድ እዚያ ላይ አይገኝም። ካወረዳችሁት ወራት ካለፉ ከመውጣታችሁ በፊት አድሱት።

"አጭሩ መንገድ" ሲላችሁ እሺ ማለት

ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው። ስልኩ የሚያሰላው ርቀትና ፍጥነት ነው። አሸዋ፣ ጠጠር፣ የፈረሰ ድልድይ፣ እነዚህ ስሌቱ ውስጥ የሉም፣ ወይም ካርታውን የሠራው ሰው ካልመዘገባቸው አይኖሩም። ፒስታውም አስፋልቱም ስክሪኑ ላይ መስመር ናቸው። ሃያ ደቂቃ ይቆጥባል ብሎ በረሃ ውስጥ ሊያስገባችሁ ይችላል።

ይሄ የእኛ አካባቢ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በአውስትራሊያ አንድ የታወቀ የስልክ ካርታ ሚልዱራ የምትባለውን ከተማ ከትክክለኛ ቦታዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በረሃማ ብሔራዊ ፓርክ መሃል አስቀምጧት ነበር። እሱን ተከትለው የገቡ ሰዎች ያለ ውሃና ምግብ ቆመው ቀሩ። አንዳንዶቹ እስከ 24 ሰዓት ነው የቆዩት፣ ሙቀቱ ደግሞ እስከ 46 ዲግሪ የሚደርስበት ቦታ ነው። ፖሊስ በአደባባይ ለማስጠንቀቅ ተገደደ። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ሦስት ሰዎች በስልክ ካርታ እየተመሩ፣ ግማሹን ጎርፍ በወሰደው ድልድይ ላይ ነድተው ወንዝ ውስጥ ወድቀው ሞቱ። ካርታው ላይ ድልድዩ ሙሉ ነበር። ስለዚህኛው ባነበብኩ ቁጥር ደጫቱ ውስጥ የገባችው መኪናዬ ነው ትዝ የምትለኝ።

እኔ የምይዘው ደንብ አንድ ነው። የጭነት መኪና የማይሄድበት መንገድ ላይ እንግዳ ሆኜ አልገባም። ተሳቢዎቹ በአስፋልቱ ዞረው ከሄዱ ምክንያት አላቸው። ስልኩ "ተመለስ" እያለ ቢጨቀጭቅም ትልቁን መንገድ አልለቅም። ደግሞም ከመነሳቴ በፊት መስመሩን በጣቴ አጉልቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየዋለሁ፣ የሳተላይቱን ፎቶም እከፍታለሁ። አስፋልት ጥቁር ክር ሆኖ ይታያል፣ ፒስታ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሰዓቱን ማመን

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልኩ አንድ ሰዓት ምናምን ይላል። ደንገጎ ዳገት ላይ ከተጫነ ሲኖትራክ ኋላ ስትያዙ፣ ከሰዓት በኋላ አወዳይ ገበያው መንገዱን ሲሞላው፣ ያ ሰዓት የት ይደርሳል? ጅቡቲም እንደዚያው። ከድሬ ደወሌ ያለው የክፍያ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱ ጥሩ ነው። ግን ኬላው ላይ ማህተም ስትጠብቁ የሚያልፈውን ጊዜ ስልኩ አይቆጥርም። ሰዓቱን አምኖ አርፍዶ የወጣ ሰው በረሃው ላይ ይመሽበታል። ማታ ደግሞ ግመል አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ መብራታችሁ ሲደርስበት በጣም ቀርቧችኋል። በጠዋት ውጡ።

ስለ ደንገጎ ካነሳሁ አይቀር፣ ከሐረር ወደ ድሬ ስትወርዱ ስልኩ ቁልቁለቱን አይነግራችሁም። በማርሽ ውረዱ። እንግዳ ሰው ፍሬን ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ፍሬኑ ሲሸት ስንቴ አይቻለሁ።

ስም ብቻ ጽፎ መሄድ

እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የስዊድን ባልና ሚስት ካፕሪ ደሴት ሊሄዱ ብለው አንድ ፊደል ተገለባበጠባቸውና ካርፒ የምትባል የሰሜን ጣሊያን ከተማ ደረሱ። ካፕሪ ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት፤ ድልድይም ጀልባም ሳያዩ ደረሱ ማለት ነው። ስልኩ ላይ ስም ስትጽፉ የሚመጣውን የመጀመሪያ መልስ ዝም ብላችሁ አትጫኑ። ርቀቱንና አቅጣጫውን ተመልከቱ።

የእኛ ችግር ደግሞ ሰው የሚጠራውና ካርታው ላይ የተጻፈው ስም አይገጥምም። ጅቡቲ ከተማ መሃል ያለው አደባባይ ይፋ ስሙ የነጻነታቸው ቀን፣ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሰው ግን እስከ ዛሬ ሜኒሊክ ይለዋል። ሾፌሮች ፔካ 12 የሚሉት ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን የጭነት መኪና መቆሚያ ሰፈር ነው። ይሄንን ካላወቃችሁ የነገሯችሁን ስልኩ ላይ አታገኙትም። ያለው መፍትሔ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ "ሎኬሽን ላክልኝ"።

ሎኬሽኑም ቢሆን መኪና እስከዚያ ይገባል ማለት አይደለም። ይሄው የአጎቴ ልጅ በሳምንቱ ሐረር ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ፣ የተላከለትን ሎኬሽን ተከትሎ ጀጎል ውስጥ ገባ። ጀጎል አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ላይ 368 መተላለፊያ አለው ይባላል፣ አብዛኛው ለእግርና ለአህያ የተሠራ ነው። ግንቡ እየጠበበ ሄዶ ሁለቱንም ስፖኪዮ ማጠፍ ግድ ሆነበት። ቀጥሎ በሩን ራሱን መክፈት አቃተው፣ አንዱ በኩል ኖራ የተቀባ ግንብ፣ ሌላውም በኩል ግንብ። አንዲት እናት ከበራቸው ብቅ ብለው "ልጄ፣ በዚህ እኮ አህያ ናት የምታልፈው" አሉት። ልጆች ጠሩለትና ከፊትም ከኋላም ሆነው "ግራ፣ ግራ፣ ቁም!" እያሉ በስንት መከራ በሪቨርስ አወጡት። ስልኩ ያን ሁሉ ጊዜ "120 ሜትር ቀርቶሃል" ይለው ነበር። እውነቱን ነው፣ 120 ሜትር ነበር የቀረው። በእግር። ጀጎል ስትሄዱ መኪናውን ከሸዋ በር ውጭ አቁሙና በእግራችሁ ግቡ። ጥንታዊ ከተማ ያለበት አገር ሁሉ እንደዚሁ ነው። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ የድሮ ከተማ መሃል ያለ ፈቃድ መኪና የማይገባበት ክልል አለ፣ ካሜራ ያነሳችሁና ቅጣቱ በፖስታ ይከተላችኋል።

የአገሩን ሕግ ስልኩ ይነግረኛል ማለት

አይነግራችሁም። በሞያሌ ወደ ኬንያ ስትገቡ መንገዱ በግራ ይሆናል፣ አደባባዩም ይገለበጣል። በቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳ ብትወጡ የሚነዳው እንደ እኛ በቀኝ ነው፣ አብዛኛው መኪና ግን መሪው በቀኝ ስለሆነ ሊቀድማችሁ የሚወጣው ሾፌር ከፊት የሚመጣውን በደንብ አያይም፣ ርቀት ስጡት። ፈረንሳይና ጀርመን የፍጥነት ካሜራ ያለበትን ነጥብ የሚያስጠነቅቅ አፕ እየነዱ መጠቀም ክልክል ነው። እንግሊዝ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት 200 ፓውንድ ያስቀጣል፣ ፍጥነቱም በማይል ነው። የምትሄዱበትን አገር ደንብ ቀድማችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ሰው ሳይጠይቁ መንዳት፣ ወይም አሳስቶ መጠየቅ

ድሬ ያደግን ሰዎች ትልቅ ዕድል አለን። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ አፋችን ላይ ነው። ጅቡቲ ሶማልኛ የሚናገር የድሬ ልጅ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሲጠፋ ሳይ በጣም ይቆጨኛል። መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ሰላም በሉ እንጂ።

አጠያየቁ ግን ዘዴ አለው። "ይሄ መንገድ አሊ ሳቢህ ይወስዳል?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው እንግዳን ማሳፈር ስለማይወድ "አዎ" ይላችኋል፣ ባያውቀውም። "አሊ ሳቢህ የሚወስደው የትኛው ነው?" በሉ። ያኔ እጁን ማንሳትና ማሳየት አለበት፣ ካላወቀ ፊቱ ላይ ይታያል። ቀጥላችሁ "ትናንት መኪና አልፎበታል?" ብላችሁ ጠይቁ። ይሄኛውን ጥያቄ የትኛውም ስልክ አይመልሰውም። ከአንድ ሰው ብቻ አትስሙ፣ ሁለተኛው ሰው ጋ ትንሽ ራቅ ብላችሁ እንደገና ጠይቁ። ከሁሉም የሚሻሉት ጎሚስታዎችና የጭነት ረዳቶች ናቸው። ጎማ የሚያፈነዳውን መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስልኩ እንደማይጠፋ ማሰብ

በደወሌ ፀሐይ መስታወት ስር የተሰካ ስልክ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ቻርጅ ላይ ሲሆን ይብሳል። ከፀሐይ ዝቅ አድርጉት፣ ኤሲ ካለ ንፋሱ እንዲመታው አድርጉ፣ ተለዋጭ የቻርጅ ገመድም ያዙ። እኔ ደግሞ ወረቀት እይዛለሁ። ትልቅ ነገር አይደለም፣ ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ላይ በቅደም ተከተል፦ ሽኒሌ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ጅቡቲ። ከጎናቸው የማልፍበት ግምታዊ ሰዓት፣ ከስር የምሄድበት ሰው ስልክ ቁጥር።

ከዚያ ወረቀት ሁለት ነው የምጽፈው። አንዱ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ሌላው ቤት ፍሪጅ በር ላይ ይለጠፋል። ባለቤቴ ከአይሻ እንድደውልላት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ደወሌን ሳልፍ ሲሙ ስለሚቋረጥ ከጅቡቲ እስክደውል ድረስ እንደማልገኝ ታውቃለች። በሰዓቱ ካልደወልኩ ደወሌ ኬላ ላይ ላለ አንድ ሾፌር ወዳጄ ትደውላለች። እስካሁን አንድ ጊዜ ደውላለታለች። ጎማ ፈንድቶብኝ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር፣ ከጃሪካን ውሃ ጋር መጥቶ አገኘኝ።